የቀኙን ቦል ጆይንት ማን አወጣው?

የአቶ ወልደሰንበት ሰማያዊ ዲኤክስ መኪና የቀኝ ፊት ጎማ ቦል ጆይንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቦታው መውጣቱ ለቀራንዮ ነዋሪዎች፣ ለአካባቢው ጋራዦችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይታወቅ።

በሌላ ሰፈር ቢሆን ይህ ወሬ አይሆንም። ቦል ጆይንት ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያያይዝ፣ ጫፉ እንደ ኳስ የተድበለበለ የብረት መገጣጠሚያ ነው። ያረጃል፣ ይንቋቋል፣ ይወጣል፣ በአዲስ ይተካል። የአቶ ወልደሰንበት ግን ከዝገቱ ጋር ተጋብቶ አልወጣም ብሎ ሦስት ጋራዥ አዋርዷል። አንደኛው በእሳት ሞከረው። ሁለተኛው በመንቀያ ሞክሮ መንቀያውን ሰበረ። ሦስተኛው ማኑሄ የሚባለው የሰፈሩ መካኒክ ነው፤ እሳቱንም መንቀያውንም ስድቡንም ሞክሮ ሲያቅተው፣ መኪናዋን በገመድ አስጎትቶ ለባለቤቱ መለሰ።

ሐሙስ ወጣ። ችግሩ፣ ቦል ጆይንቱ ሲወጣ አቶ ወልደሰንበት ከመኪናው ሥር አልወጡም።

ኢንስፔክተር ውዳሴ ስትደርስ ሰውየው ራሳቸውን እንደሳቱ ወደ ሆስፒታል ተወስደው ነበር። ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ገሚሱ ዱላ ይዟል፣ አንዱ የመጥረጊያ እንጨት፣ አንዲት ሴት ደግሞ የወጥ ጭልፋ።

«ይሄ ሁሉ ዱላ ለማን ነው?» አለች ውዳሴ።

«ለሌባው!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

«የቱ ሌባ?»

ነገሩ እንዲህ ነው አሏት። ከሰዓት በኋላ ከዚህ ግቢ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰፈሩ ያገኘውን ይዞ ተሯሯጠ። ሲገቡ ሌባ የለም፤ መኪናው ከክሪኩ ላይ ወድቆ ሰውየውን ደረታቸው ላይ ተጭኗቸዋል። ጎረምሶቹ ተባብረው አነሱት። ሌባው ክሪኩን ረግጦ መኪናውን ጣለባቸውና በአጥር ዘሎ አመለጠ ማለት ነው።

«ማን ነው የጮኸው?»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። «ሰው ነዋ!» አለ አንዱ።

ሳጅን ከሊፋ ማስታወሻውን ከፈተና ምን እንደሚጽፍ ግራ ገባው። ውዳሴ ግን ኮፍያዋን አውልቃ ሰጠችውና፣ አሁን በድንጋይ ተደግፎ ከቆመው መኪና ሥር በጀርባዋ ገባች። ዩኒፎርሟ ግራሶ በግራሶ ሆነ።

ቦል ጆይንቱ ሾጣጣ ጫፉን የሚሰካበት የብረት ጆሮ ባዶውን ቀርቷል። ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። በጆሮው ግራና ቀኝ፣ ልክ ፊት ለፊት፣ ዝገቱ ተልጦ የሚያብረቀርቅ የመዶሻ ምት አየች። የግራው ምት አራት ማዕዘን ነው። የቀኙም አራት ማዕዘን ነው፣ አንዱ ማዕዘኑ ግን የለም፤ የተሸረፈ መዶሻ ነው የመታው።

«ከሊፋ፣ ውጭ ስንት መዶሻ አለ?»

«አንድ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ማዕዘኑ ተሸርፏል?»

ከሊፋ ጎንበስ ብሎ አየ። «ኧረ ሙሉ ነው። አዲስ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው ሌላውን ፈልግ።»

ከሊፋ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ዶሮ ቆጡ ፈተሸ። ሌላ መዶሻ የለም።

---

ምስክር ሞልቷል። ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው እትዬ በላይነሽ ሌባውን በደንብ አይተውታል።

«ረዥም ነው፣ ልጄ። ቀይ ጃኬት ለብሷል። እንደ ሚዳቋ ነው የዘለለው!»

ደላላው ሚሊዮን በበኩሉ በሁለት ዓይኑ አይቷል። «አጭር፣ ወፈር ያለ፣ ጥቁር ሹራብ። ዓይን ለዓይን ነው የተጋጨነው፣ ኢንስፔክተር። ሰውነቴን ነዘረኝ!»

«ከዚያስ ለምን አልያዝከውም?»

«ነዘረኝ እኮ ነው የምልሽ።»

ከዚያ በኋላ የመጡት ሌባውን ወጣትም ሽማግሌም፣ ባለ ጢምም መላጣም አደረጉት። አንዱ ሦስት ናቸው አለ። ከሊፋ ሁሉንም ጻፈ።

የአቶ ወልደሰንበት ባለቤት ወይዘሮ አልማዜ ልብስ ሊወስዱ ከሆስፒታል ብቅ ሲሉ ሴቶች ከበቧቸው። እሳቸው ጩኸቱ ሲሰማ ገበያ ነበሩ።

«እትዬ አልማዜ፣ ባለቤትዎ መኪናውን ሲሠሩ የሚያግዛቸው ሰው ነበር?» አለች ውዳሴ።

ወይዘሮ አልማዜ መጀመሪያ ሴቶቹን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን። «ማን ያግዘዋል ልጄ? ብቻውን ነው የሚታገለው።»

«ጠላትስ አላቸው?»

ይሄን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዞሩ። ከአጥሩ ማዶ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር አቶ ወንድይፍራው ይኖራሉ። ዲኤክሷን ለአቶ ወልደሰንበት የሸጡት እሳቸው ናቸው። መኪናዋ በተሸጠች በሳምንቱ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረች፤ ሁለቱ ሰዎችም በዚያው ተኳረፉ። ኩርፊያው ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው። በእድር ስብሰባ የወልደሰንበት ወገን በስተቀኝ፣ የወንድይፍራው ወገን በስተግራ ይቀመጣል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቄስ ተልኮ አልሆነም። አቶ ወንድይፍራው በሽማግሌ ፊት «ደጁን ብረግጥ እግሬ ይሰበር» ብለው ምለዋል።

ውዳሴ አጥሩን ለማየት ስትነሳ ከመንገዱ ጫፍ ሆታ ተሰማ። «ተያዘ! ሌባው ተያዘ!»

የያዙት ማኑሄን ነበር። በእጁ መዶሻ አለ።

---

«ሰው ሁሉ ሲሮጥ ሮጥኩ» አለ ማኑሄ ጣቢያ ውስጥ። ከንፈሩ ተተርትሯል።

«ወዴት?» አለች ውዳሴ።

«ወደሚሮጥበት!»

«መዶሻውስ?»

ማኑሄ አንገቱን ደፋ። «ልሞክር ነበር የምሄደው። ያንን ቦል ጆይንት። እሁድ ሰርጌ ነው። እድምተኛው በሙሉ ‹አቅቶት መለሰ› እያለ እያማኝ እንዴት ብዬ ነው የምሞሸረው?»

«መኪናዋን ስትመልስ ‹ይቺ መኪና ትግደልህ› ብለሃቸዋል። ሰፈሩ ሰምቷል።»

«ተናድጄ ነዋ! ሦስት ቀን ታግያት ፍንክች አላለችም! ማንም አያወጣትም፣ እመኑኝ፣ ፋብሪካው ራሱ ቢመጣ...»

«ወጥታለች።»

ማኑሄ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት በሙሉ ጠፋ።

«ወጣች?! ማን አወጣት? በምን አወጣት? ንገሪኝ በናትሽ!» ከመገረሙ ብዛት እርስዎ ማለቱን ረሳው።

«አንተ አይደለህም ወይ የምትነግረኝ?»

«እኔ ባወጣት ኖሮ በማይክሮፎን ነበር የምናገረው! ጆሮዋ ላይ ምት አለ?»

«በሁለቱም ጎን፣ ፊት ለፊት።»

ማኑሄ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሁለት መዶሻ! የሚያስራትን ዳዶ ትፈታና ጆሮዋን ከዚህም ከዚያም እኩል ትመታታለህ። በአንድ ቅጽበት። ብረቱ ለቅጽበት ይለጠጣል፣ ቦል ጆይንቷ ጧ! ብላ ትለቃለች። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ! ብቻዬን ስለሆንኩ ነው። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ ኢንስፔክተር። ደግሞ እንዲሁ ሁለት ሰው አይደለም። ፊትህ ላይ መዶሻ የሚሰነዝረውን ሰው ካላመንከው እጅህ ይፈራል፣ እኩል አይወርድም።»

ውዳሴ የማኑሄን መዶሻ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ፊቱ ክብ ነው።

ኮሪደር ላይ አለቃዋ ኮማንደር ወዬሳ ይጠብቋታል። «ተጠርጣሪ አለ፣ ዛቻ አለ፣ መዶሻ አለ። ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ አሥራ አራት ቀን እንጠይቃለን። ሰውየው ከሞቱ ደግሞ ነፍስ ግድያ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሌባውን።»

«ተይዟል እኮ!»

«የተያዘው ቀይ ጃኬት የለውም። ጥቁር ሹራብም የለውም። ሦስትም አይደለም።»

ኮማንደሩ ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ። በሩ ላይ አንዲት ልጅ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሱፍ አንግባ ከዘበኛው ጋር ትከራከራለች። የማኑሄ እጮኛ መሲ ናት።

«እጅጌው ረዝሟል» አለቻት ለውዳሴ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም። «ዛሬ ካልተለካ ሰፊው አያደርስልኝም። ለአፍታ ላስለብሰው፣ እህቴ። እሁድ ይወጣል አይደል?»

ውዳሴ አስገባቻት። ማኑሄ በእስር ክፍሉ ውስጥ ሱፍ ለብሶ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፤ መሲ ስፒል በአፏ ይዛ እጅጌውን አጠፈች። ሌሎቹ እስረኞች ትከሻው ጠቦታል፣ አልጠበበም እያሉ ተከራከሩ።

---

ዓርብ ጠዋት ውዳሴና ከሊፋ የአቶ ወንድይፍራውን በር አንኳኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን ከፍተው፣ እንግዶቹ ከማን ወገን እንደሆኑ የሚመዝን ዓይን ጣሉባቸው። የወንድይፍራው ወገን መሪ በእውነቱ እሳቸው ናቸው ይባላል።

አቶ ወንድይፍራው ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል። ያጡት እንቅልፍ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ትናንት ጩኸቱን ሰምተዋል?»

«ከዚያ ቤት የሚመጣ ነገር አልሰማም እኔ።»

«ሌባውንስ?»

«የምን ሌባ? ሌባ አላየሁም። ተኝቼ ነበር።»

«ምናልባት በአጥሩ በኩል ሲዘል...»

«አላየሁም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ! በዚህ አጥር የዘለለ ሰው የለም!» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉና መልሰው ዝቅ አደረጉት። «ሰውየው... ነቅቷል?»

«ገና ነው።»

አቶ ወንድይፍራው እጃቸውን እጃቸው ላይ አሹት።

ውዳሴ የኮብልስቶኑን መንገድ ወደ ላይ ስትወጣ እርምጃዋ እየፈጠነ መጣ። ከሊፋ ሊደርስባት ሮጥ ሮጥ አለ።

«ከሊፋ፣ ሌባውን ስንት ሰው አይቷል?»

«ሁሉም! እኔ ራሴ ሲነግሩኝ ሲነግሩኝ ያየሁት መስሎኛል።»

«አላየሁም ያለ አለ?»

«ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ። እሳቸው ደግሞ ኩርፊያ ስላለ ነው።»

ውዳሴ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ አለፋቸው። «ኩርፊያ ያለው ሰው ሌባ አያይም? ደስ ብሎት ነው የሚያየው! ሰፈሩ በሙሉ ሌባ አየሁ የሚለው ሌባ መኖሩን ስላመነ ነው። ‹የዘለለ ሰው የለም› ብሎ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው አንዱ ግን...»

ከሊፋ አፉ ተከፈተ። «ሌባ እንደሌለ የሚያውቅ ነው!»

«ሩጥ! ማኑሄን አምጣው። ፍርድ ቤት ሳይወሰድ ግቢው ውስጥ ሥራ አለው።»

---

ማኑሄ ሲመጣ ምስክሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ማንም አልቀረም። ወይዘሮ አልማዜም ለሆስፒታል ምግብ ሊያበስሉ መጥተው ማድ ቤት ናቸው። መኪናው በሁለት በኩል ጉማጅ ግንድ ተደርድሮለት፣ የግራ ጎማው ወልቆ ቆሟል።

«የቀኙ ወጥቷል፤ የግራው አለ» አለች ውዳሴ ካቴናውን ለጊዜው እየፈታች። «አውጣው።»

«ለምን?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ሌባው እንዴት እንዳደረገው ለማየት ነው።»

ይህ ለሁሉም ምክንያታዊ መሰለ። ማኑሄ መዶሻ ያዘ። ሁለተኛውን መዶሻ ማን ይይዛል ሲባል ሚሊዮን እጅጌውን ሰበሰበ። «እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት።»

ጀመሩ። ማኑሄ ሲመታ ሚሊዮን ይዘገያል፤ ሚሊዮን ሲቸኩል ማኑሄ ይስታል። ጣ... ጧ። ጣ... ጧ። ብረቱ አልተንቀሳቀሰም። ውዳሴ መኪናውን አላየችም። ዓይኗ ከአጥሩ በላይ ነው። እዚያ፣ የጌሾ ቅጠል የሚለቅሙ መስለው፣ አቶ ወንድይፍራው ብቅ ብለዋል። መዶሻዎቹ በተዛነፉ ቁጥር ፊታቸው ይኮማተራል። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ጊዜ ከቅጠሉ ጋር ቅርንጫፉን ነቀሉት።

ሚሊዮን ዳዶውን ጨርሶ ፈትቶ ሊጥለው እጁን ሲሰድ ግን አቶ ወንድይፍራው መታገሥ አልቻሉም።

«ኧረ ተው! ዳዶውን ጫፉ ላይ ተወው! ክንዱ ተወርውሮ ሌላ ሰው ልትገድሉ ነው? ደግሞስ አንተ ሚሊዮን፣ እኩል ነው የሚመታው፣ እኩል! እሱን ተከትለህ አይደለም!»

መዶሻዎቹ ቆሙ።

«ይምጡና ያሳዩን፣ ጋሼ» አለች ውዳሴ በቀስታ።

አቶ ወንድይፍራው ከአጥሩ በላይ ጠፉ። ሰው ሁሉ የውጭውን በር ተመለከተ። እሳቸው ግን በበር አልመጡም። ከአጥሩ አንዱ ቆርቆሮ፣ ሲጢጥ እንኳ ሳይል፣ እንደ መዝጊያ ተከፈተ። ማጠፊያው ግራሶ ተቀብቷል። በእጃቸው ማዕዘኑ የተሸረፈ መዶሻ ይዘዋል።

«ልጁን ልቀቁት» አሉ። «ከወልዴ ጋር የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አወሩ፤ ቆመው፣ ማንንም ሳያዩ። መኪናዋ ጠዋት ጠዋት በበራቸው ስታልፍ ያ ቋቋታ እሳቸውን ነበር የሚሰድባቸው፤ የሸጧት እሳቸው ናቸውና። መጀመሪያ በአጥሩ ላይ ምክር ሰጡ። ከዚያ መፍቻ አቀበሉ። ከዚያ ቆርቆሮውን ፈቱ። ሐሙስ ዕለት በሁለት መዶሻ መቷት፣ ወጣች፤ ክንዱ በስፕሪንጉ ጉልበት ወደ ታች ሲወረወር መኪናዋ ተናጠች፣ ክሪኩ ተንሸራተተ።

«ብቻዬን ላነሳው ሞከርኩ። አልቻልኩም። ‹እርዱኝ› ብል ማን ይመጣል? ሁለት ሰው ቀስ እያለ ይመጣል። ‹ሌባ› ካልሽ ግን ሰፈሩ በሙሉ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ እየሮጠ ይመጣል። ጮህኩ፣ በቆርቆሮው ወደ ቤቴ ገባሁ። ወልዴ ሲነቃ እሱው ይናገርልኛል፣ ልጁም ይለቀቃል ብዬ... ከዚያ በፊት እንዲህ ሰው ፊት...» መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ።

ማኑሄ ዓይኑን ከመዶሻው ላይ አላነሳም። «እኩል ነበር የወረደው?» አለ በሹክሹክታ።

«እንደ አንድ እጅ።»

ውዳሴ ተደሰተች፤ ደስታዋ ግን የአንድ እስትንፋስ ያህል እንኳ አልቆየም።

«ውሸት ነው!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «እነዚህ ሁለቱ? ቄስ መስቀል ይዞ ያላስታረቃቸው? አብረው መኪና ሊሠሩ?»

«ልጁ ሰርጉ እንዳይሰናከል አዝነውለት ነው» አለ ሚሊዮን። «ሌባውን በዓይናችን አይተነዋል እኮ!»

የቀኙም የግራውም ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ፤ አይሆንም አሉ። ውዳሴ ለኮማንደሩ ደወለች። እሳቸውም ከዚያ አልራቁም። «መዶሻውን ከመሬት አንስቶ ሊሆን ይችላል። ጠላቱ ነው፣ ውዳሴ። ሰፈሩ በሙሉ ለዚህ ምስክር ነው። የፖሊስ መኪናው ከጣቢያ ወጥቷል፣ ልጁን ለፍርድ ቤት አዘጋጂው።»

ከሊፋ ካቴናውን አወጣ። ማኑሄ ሁለት እጁን ዘረጋ። ትናንት ለእጅጌው እንደዘረጋው። ካቴናው ጠቅ አለ። ከውጭ የፖሊስ መኪናው ጥሩምባ ተሰማ።

በዚህ መሃል የማድ ቤቱ በር ተከፈተና ወይዘሮ አልማዜ ባለ ሁለት ድርብ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው፣ ስልካቸውን በሌላው እጅ እንደያዙ ወጡ። ሕዝቡን አዩ። ሴቶቹን አዩ። ዛሬ መሬቱን አላዩም። በሕዝቡ መሃል አልፈው አቶ ወንድይፍራው ፊት ቆሙ።

«ነቅቷል» አሉ። «ራበኝ ብሏል። አንተ ውሰድለት ወንድዬ፤ እኔ ካየሁት አለቅሳለሁ። የላይኛው የሱ ነው። የታችኛው ያንተ ነው፣ በርበሬ የለውም፤ ትናንትም ሳትበላ ነው የዋልከው፣ ያ ጨጓራህ ይነሳብሃል።»

አቶ ወንድይፍራው ምሳ ዕቃውን ተቀበሉ። ሁሉም የግራውን ወገን መሪ፣ ባለቤታቸውን፣ ይጠብቅ ነበር፤ እሳቸውም ክፍት በቀረው ቆርቆሮ በኩል ብቅ አሉ።

«አልማዜ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ «ከገባሽ አይቀር ያንን የማክሰኞውን ድስቴን አውጪልኝ። ዛሬ እፈልገዋለሁ።»

ወይዘሮ አልማዜ ገብተው ድስቱን ይዘው ወጡ። ታጥቧል፤ ክዳኑም አለ።

ከኋላ አንድ ሰው «ሌባው እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሚሊዮን መዶሻውን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ውዳሴ የካቴናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።